ቆሼ ያደርንባቸው ሦስት ሌሊቶች

አማቴ ነፍሰ ጡር መሆኔን እንዳወቁ አጥብቀው የከለከሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆላ ማደር። መሄዱን አልከለከሉም። ሸክም አትሸከሚ፣ እንሰት አትፋቂ፣ ዳገት አትውጪ ያለኝም የለም። "ሂጂ፣ ዋዪ፣ ፀሐይ ሳትገባ ተመለሽ፤ እዚያ ግን እንዳታድሪ" ነው ያሉኝ።

ቤታችን ከቡታጅራ በላይ፣ ተራራው ጥግ ነበር። ጠዋት በር ስንከፍት ከታች ቡታጅራ በጉም ተሸፍና ትታያለች። ጉሙ ሲገፈፍ እንሴኖ ብቅ ይላል፤ ከእንሴኖ ወዲያ ደግሞ ቢጫ ሆኖ የተዘረጋው የማረቆ ሜዳ፣ ቆሼ የምትባለው የቆላ ገበያ ያለችበት። እኔ ያንን ሜዳ ማየት እወድ ነበር። እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ውኃ ቅጂ ስባል ሁለት ምንጭ አልፌ ሦስተኛው ድረስ የምሄድ ልጅ ነበርኩ፤ ውኃው ስለሚሻል አይደለም፣ መንገዱ ስለሚረዝም ነው። ዛሬም ልጆቼ "እማማ የት ሄደች?" እያሉ ሰፈር ለሰፈር ይፈልጉኛል።

በእኛ አገር ንዳድ የሚታወቀው በቦታ ነበር። ዛሬ ወባ የሚሉት ማለቴ ነው። ንዳድ ቆላ የሚኖር ነገር ነው፤ ቀን የዋለበትን ይተወዋል፣ ያደረበትን ይይዘዋል። እንዲህ ነበር የምናምነው። ቆላ አድሮ የተመለሰ ሰው ልብሱን ደጅ አውልቆ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን በላህ ሳይሆን የት አደርክ ነው። "ቆሼ አድሬ ነበር" ካለ አለቀ፣ ንዳድ ነው። ከቤቱ ያልወጣ ሰው ቢያተኩሰው ግን ምች ነው ይባላል፣ ብርድ ነው ይባላል፣ ዓይን ነው ይባላል፤ ንዳድ ነው የሚል አይገኝም። ለምን ቢሉ፣ አላደረማ!

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። ቡታጅራ ላይ ወታደር ሰፍሮ፣ የቆርቆሮ ቤቶች በአንድ በጋ ብቅ ብቅ ብለው ነበር። ባሌ ወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ ለሚወስደው መንገድ ድንጋይ ከሚፈልጡት ጋር ሄዷል። በውድ ይሁን በግድ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም፤ እሱም ሲጠየቅ "ሄድኩ እንጂ" ይል ነበር፣ ከዚያ አያልፍም። ቤት የቀረነው እኔና አማቴ ነን። አማቴ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ትልቅ ነበር። ከጓሮ ሆነው ሲጠሩኝ ከእኔ ቀድመው የጎረቤት ላሞች ቀና ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዕድሜዬን የጻፈልኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴ ፊደል የለየሁት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ሆዴ አምስት ወር ሲሞላው፣ እናቴ ናፈቀችኝ። እናቴ ቡታጅራ አጠገብ ነበረች።

"እንሴኖ ገበያ ደርሼ፣ እግረ መንገዴን እናቴ ቤት ሦስት አራት ቀን ልሰንብት?" አልኳቸው አማቴን።

"ሰንብቺ። ከእንሴኖ ግን አንድ እርምጃ ወደ ታች እንዳትወርጂ።"

"አልወርድም።"

"በእናትሽ ማይልኝ።"

"በእናቴ!" አልኩ። ስምል እውነቴን ነበር። የመውረድ ሐሳብ ያልነበረኝ እንሴኖ እስክደርስ ድረስ ነው።

እንሴኖ ገበያው ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። በርበሬው ጥቂት፣ እሱም ያለፈው ዓመት። አህያ የሚነዱ ሴቶች ወደ ቆሼ ሲወርዱ አየሁ። "አዲሱ በርበሬ እዚያ ተሰጥቷል፣ መሬቱ ቀልቷል" አሉኝ። ገና ጠዋት ነው፤ ደርሼ ብመለስ ማታ እናቴ ቤት ነኝ፣ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፣ በርበሬው ሰበብ ነው። ያን ከደጃችን የማየውን ሜዳ በእግሬ ልረግጠው ፈልጌ ነው።

መሬቱ እውነትም ቀልቶ ነበር። በየደጁ፣ በየግራሩ ሥር በርበሬ ተሰጥቷል፤ ነፋስ ባለፈ ቁጥር አገሩ ሁሉ ያስነጥሳል። እኔም አስነጠስኩ፤ ባስነጠስኩ ቁጥር ልጄ ሆዴ ውስጥ ትዘላለች። እንደዚያ ስትዘል የመጀመሪያዋ ነበር። ሆዴን ይዤ ብቻዬን ስስቅ አንዲት በርበሬ ነጋዴ አይታ አብራኝ ሳቀች። የማረቆ ሴት ናት፣ እስላም፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምትበልጥ።

"ልጅሽ ከአሁኑ በርበሬ ለመደ" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ልመለስ ስነሳ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ወደ እንሴኖ በሚወስደው ላይ ተኩስ ተሰምቶ፣ ጣሊያን ሰው እንዳያልፍ ከልክሏል። ሴቱም አህያውም ተመልሶ ቆሼ ቀረ። የት እንደምገባ ቸግሮኝ ስቆም ያቺው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። "ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ እንጂ፣ ምን ያስደነግጥሻል?" አለችኝ። አነጋገሯ እንደ እኛው በአማርኛው ውስጥ የአገሯ ቋንቋ የተቀላቀለበት ነው። ጎጆዋ መሀል እሳት አጢሳ ምንጣፍ አነጠፈችልኝና "ሁለታችሁም ወደ ጭሱ ተጠጉ፤ ቢምቢው አያስተኛችሁም" አለች።

ሌላ እንግዳ ያለ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። ከት ብላ ሳቀችና ወደ ሆዴ ጠቆመች።

ሦስት ሌሊት አደርኩ። በአራተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት እናቴ ቤት ደረስኩ። እናቴ ወደ ቆሼ ስወርድ ያዩኝ ሰዎች ነግረዋት ዓይኗ አብጦ ነበር። ካቀፈችኝ በኋላ ቆነጠጠችኝ። "ለአማትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፤ እዚህ ነው ያደርሽው፣ እኔም እንደዚያ ነው የምለው" አለችኝ። ልብሴን በጭስ አጥና፣ ራሴን ቅቤ ቀብታ ሰደደችኝ። አማቴ "እናትሽ ደኅና ናት?" ብለው ጠየቁኝ። "ደኅና ናት" አልኩ። በዚሁ አለፈ።

ያለፈ መሰለኝ እንጂ አላለፈም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኩለ ቀን ላይ ብርድ አንቀጠቀጠኝ፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ። በማግስቱ ደኅና ነኝ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና። እንደዚህ ቀን እየዘለለ ብዙ ጊዜ ተመላለሰብኝ። አማቴ "የእርግዝና ሕመም ነው" ብለው ቡላ በቅቤ አሠሩልኝ። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብናገር የት አደርሽ እባላለሁ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። እያደር ቀነሰ፣ ተወኝ፤ ገላገለኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

መጋቢት ሲገባ ሴት ልጅ ወለድኩ። ትንሽ ነበረች፤ አዋላጇ ሁለት ጊዜ ገልብጣ አየቻት። ግን ጮኸች፣ ጡት ያዘች፣ አማቴም እልል አሉ። በእኛ ዘንድ አራስ ብዙ ጊዜ ከቤት አትወጣም፤ ቡላውን እየበላች፣ ቅቤውን እየጠጣች ትተኛለች። እንደ እኔ እግረ ተጓዥ ለሆነች ሴት እሥራት ነው። ቢሆንም ልጄን እያየሁ አልሰለቸኝም። ልጅቱ ግን በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጡት መግፋት ጀመረች።

መጀመሪያ ሆድ ቁርጠት ነው አልን። ከዚያ ገላዋ እንደ ፍም ጋለ። ዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ፣ መዳፏ ደም የሌለው መሰለ። አማቴ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። እርግብግቢቷ ላይ ቅቤ አኖሩ፣ ጤና አዳም አሽተው አሸተቷት፣ በእንሰት ቅጠል ላይ አስተኝተው በለብታ ውኃ አጠቧት። አንድ ቀን ደኅና መስላ በማግስቱ ሲብስባት ምክንያት ፍለጋ ገቡ።

"ባለፈው ገንቦ ይዛ የመጣችው ሸክላ ሠሪ ልጅቱን አይታታለች?" አሉኝ።

"ከበር ቆማ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብቻ ነው ያለችኝ።"

"አይታታለች ማለት ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ምስኪን ሴት በደጃችን ስታልፍ አማቴ በር ይዘጋሉ። ያዘዟትን ገንቦ ሠርታ ጨርሳ ነበር፤ አልወስድም አሉ። ሴትዮዋ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ራሷን ደፍታ ትሄዳለች። እኔ መደብ ላይ ተኝቼ ይህን ሁሉ እሰማለሁ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነጠላቸውን አደገደጉ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ቄሱን ልጥራ" አሉ። "ሰማንያ ቀኗን የምትጠብቅ አይመስለኝም። ክርስትና ሳትነሳ እንዳትሄድብን።"

ልጄን ታቅፌ በሩን አያለሁ። የበሩ ብርሃን መሬቱን እየሳበ መጥቶ የመሀል ምሰሶው እግር ሲደርስ ገላዋ መጋል ጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ትናንት ደኅና ነበረች። ትናንት ወዲያ ልክ ብርሃኑ እዚህ ሲደርስ ነው የያዛት። ከዚያም በፊት እንዲሁ። ቀን እየዘለለ፣ እኩለ ቀን ላይ። ይህ ሰዓት የኔ ሰዓት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እኔን ሲያንቀጠቅጠኝ የነበረው።

ንዳድ ነው ብዬ ልጮህ አልኩና እኔው ራሴን ዝም አሰኘሁት። ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም። ቆላ አላደረች። ያላደረን ንዳድ እንዴት ይይዛል?

ከዚያ ያቺ የቆሼ ሴት ድምፅዋ መጣብኝ። ሁለታችሁም ወደ ጭሱ ተጠጉ። ሁለት ብላ ቆጥራን ነበር። እኔ አንድ ሰው ነኝ ብዬ ዞር ዞር ስል እሷ ለሁለት የሚበቃ ምንጣፍ አንጥፋልን ነበር። ልጄ ቆሼ አድራለች! ሦስት ሌሊት፣ አብራኝ፣ ከጭሱ አጠገብ አድራለች።

አማቴ ደጃፉ ላይ ደርሰዋል።

"እማዬ፣ ቄሱን አይጥሩ" አልኳቸው። "ንዳድ ነው።"

"ተኚ አንቺ ልጅ፣ የአራስ ነገር ያዘሽ። ይቺ ልጅ የት አደረችና?"

"ቆሼ።"

ዞረው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በርበሬውን፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ሴትዮዋን፣ የእናቴን ዝም ማሰኘት፣ በየሁለት ቀኑ የያዘኝን ትኩሳት። እየተናገርኩ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም፣ የልጄን ግንባር ነበር የማየው። ስጨርስ ያደገደጉትን ነጠላ ፈቱ። ላሟ ማዶ ታስራ ታመሰኳለች።

"በእናትሽ ምለሽልኝ ነበር" አሉ።

"አዎን።"

"ስንት ሌሊት?"

"ሦስት።"

መጡና ከጎኔ ተቀመጡ። እጃቸውን ልጅቱ ሆድ ላይ አኖሩ፤ በግራ በኩል ከጎድኗ ሥር ሲዳስሱ አንድ ጠጣር ነገር እጃቸው ላይ መጣ። ቆላ ያደረ ሰው የሚያብጥበት ቦታ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቱን አምስት ቀን ሲያጥቡ ይህንን ዳስሰው መሆን አለበት። ግን ምን ብለው ይጠርጥሩ?

"ተነሺ" አሉ።

"ወዴት?"

"ወደ ነጩ ሐኪም ነዋ! ወይስ ንዳዱን በቄሱ ላስጠምቀው ነው?"

ጣሊያን ቡታጅራ ላይ ሐኪም ቤት ከፍቶ ለንዳድ ኪኒን ይሰጣል ይባል ነበር። እስከዚያ ቀን ከሰፈራችን ማንም አልሄደም። ደም ይመጥጣሉ፣ በመርፌ ሰው ያመክናሉ ይባላል፤ እነሱው ያቃጠሉት ቤት አመዱ ገና አልቀዘቀዘም። አማቴ ስማቸው ሲነሳ ምራቃቸውን ይተፉ ነበር። ያን ቀን አልተፉም። ልጅቱን በቅቤ በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት፤ አራስ ሳለሁ እኔን ከቤት አውጥተው ቁልቁለቱን ይዘውኝ ወረዱ። ሰው ባየን ቁጥር አፉን ይይዛል። እሳቸው መንገዱን ሙሉ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ጣሊያንን ይሰድባሉ። ድምፃቸው ተመልሶ ስለመጣ ደስ አለኝ።

ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል። የሚመዘግበው ካኪ የለበሰ ወጣት ነው፤ ከኤርትራ የመጣ፣ አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ የሚል። ተራችን ሲደርስ ቀና ብሎ አየን።

"ምን ሆነች?"

"ንዳድ ይዟታል" አልኩ።

"ስንት ጊዜዋ ነው?"

"ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኗ።"

"ቤታችሁስ?"

ተራራውን በእጄ አሳየሁት።

"እዚያ ላይ ወባ የለም። የት ወስዳችኋት ነበር?"

"የትም። ከቤት ስትወጣ ዛሬ ገና ነው።"

"ታዲያ የት አድራ ያዛት?"

"ቆሼ።"

"መቼ?"

"ኅዳር ላይ።"

ሊጽፍ ብሎ ተወው። ልጅቱን አየ፣ እኔን አየ። "እኅቴ፣ አሁን መጋቢት ነው" አለ ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት። "ኅዳር ላይ ይቺ ልጅ አልተወለደችም።"

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ "ሳይወለዱም ማደር ተጀመረ እንዴ?" አሉና ሰዉ እንደገና ተንከተከተ። ፊቴ ነደደ። ተመልሼ ልሄድ ስል አማቴ ክንዴን ጨመደዱኝ።

"ምኑ ነው የሚያስቃችሁ?" አሉ በዚያ በማውቀው ድምፃቸው። "እናትየዋ ቆሼ ስታድር ልጅቱ የት ልትሄድ ኖሯል? ሆዷን አውልቃ እኔ ቤት ሰቅላው ትውረድ? አብራ አድራለች! እናትየዋ የበላችውን በልታ፣ እናትየዋን የያዛት ይዟት ነው የወጣችው!"

"አደይ" አለ ወጣቱ፣ በአገሩ እናቴ ማለቱ ነው፤ "ወባ እንደዚያ አይይዝም።"

"አንተ ስንት ወልደሃል?"

"እኔ? አልወለድኩም... አላገባሁም።"

"እንግዲያው የእኔንና የአንተን ክርክር ተወውና፣ ግባና ያልኩህን ለጌታህ ንገረው። ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ።"

ገባ። ከውስጥ በነሱ ቋንቋ ሲነጋገሩ ይሰማናል። ይስቁብናል ብዬ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ግን ራሱ ወጣ። ሸምገል ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ ሰው ነው። አልሳቀም። የልጄን ሆድ በሁለት ጣቱ በግራ በኩል ዳሰሰ፣ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረገ። ተረከዟን በመርፌ ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ሲያኖር ልጄ በደንብ እንኳ አልጮኸችም፤ እንደ ድመት ግልገል ሲጥ ብላ ዝም አለች። ልቤን የሰበረው ይኼ ነው። ቀጥሎ የኔን ጣት ወጋ።

ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። አማቴ ልጅቱን ለእኔ አይሰጡኝም፤ ጡት ላጠባ ስል ብቻ ያቀብሉኛል፣ ወዲያው ይነጥቁኛል። በክፍቱ መስኮት ሐኪሙ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በብረት ቱቦ ሲያይ ይታየኛል። ብዙ አየ። ከዚያ ወጣቱን ጠራው። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ።

ሲወጣ ሰልፉን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ አማቴ መጣ።

"አደይ" አለ፣ "አድራለች።"

አማቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ሐኪሙ ያለውን ወጣቱ አስረዳን። ንዳዱ በልጄም ደም፣ በኔም ደም ውስጥ አለ፤ እኔ ዳንኩ ብዬ ተሸክሜው እዞር ነበር። ብዙ ጊዜ ልጅ ሆድ ውስጥ ሆኖ ይተርፋል አለ፤ አንዳንዴ ግን ከእናቱ ይተላለፍበታል። እሱም ከዚህ በፊት ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቲቱ የት እንዳደረች ባትናገር ኖሮ ለአራስ ልጅ የወባ መድኃኒት መስጠት ሐሳቡም አይመጣለትም ነበር። ነጩን ዱቄት በወረቀት ላይ በቢላ ጫፍ እየከፋፈለ፣ ለልጅቱ የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣ ለኔ በርከት ያለ፣ ለየቀኑ ለየብቻ ጠቀለለልን። "በጡትሽ ወተት በጥብጠሽ ስጫት። ብትተፋው ትንሽ ቆይተሽ ድገሚላት" ተባልኩ።

ስለነዚያ ሰዎች ስጠየቅ ምን እንደምል አላውቅም። የጎረቤታችንን ቤት ያቃጠለውና ይህ ላቡን እየጠረገ ዱቄት የሚከፋፍለው ሰው በአንድ መኪና የመጡ ናቸው። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ስላየሁ ሌላውን አላየሁም ማለት አልችልም።

ስንመለስ አማቴ ከመንገድ ወጣ ብለው ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት አመሩ። ሴትዮዋ ስታያቸው ደንግጣ ተነሳች።

"ገንቦዬ የታለ?" አሏት።

"አልፈልገውም ብለውኝ ነው እንጂ... አለ።"

"ማን ነው አልፈልገውም ያለው? አምጪው። ልጅቱንም ነይ እያት፤ ንዳድ ነው የያዛት፣ ሰው አይደለም።" ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ይኼ መሆኑ የገባኝ ዳገቱን ከወጣን በኋላ ነው።

ለኔ ግን እንደዚያ አልቀለለልኝም። ቤት ስንቃረብ ቆም ብለው "ዋሽተሽኛል፤ እሱን አልረሳልሽም" አሉኝ። ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ ዞር ሳይሉ፣ "እኔም ብትነግሪኝ እንደማልሰማሽ አድርጌ ነው የከለከልኩሽ" አሉ።

መድኃኒቱን ለልጅ ማዋጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በማግስቱ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ምላሷ ላይ ሲነካ ፊቷ እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማደደ፣ መልሳ ፊቴ ላይ ተፋችው። አማቴ "ምን ቢሆን ነው?" ብለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ይኼንን የቀመሰ ንዳድ እንኳን ሰው ውስጥ አገር ውስጥም አይቀመጥ!" አሉ። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አበጁ፤ እሳቸው ጉንጮቿን በሁለት ጣት ይይዛሉ፣ እኔ በትንሿ ጣቴ ጫፍ ወተቱን ጉሮሮዋ ላይ አኖራለሁ፣ ወዲያው ጡቴን አስከትላለሁ። በሁለተኛው ቀን ግማሹን ዋጠች። እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ መጣ፤ ግን እንደ በፊቱ አልቆየም። ጆሮዬም በኔው መድኃኒት እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል።

የሚቀጥለው የትኩሳት ቀን አራተኛው ነበር። ጠዋት ሁለታችንም ሥራችንን ቶሎ ቶሎ ጨረስን። አማቴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ከጎኔ ተቀመጡ። ብርሃኑ መሬቱ ላይ እየተሳበ ሲመጣ አፍጥጠን እናየዋለን፣ ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው። ልጄ ተኝታለች። የአማቴ እጅ ግንባሯ ላይ፣ የኔ እጅ እግሯ ላይ ነው።

ብርሃኑ ምሰሶው እግር ደረሰ።

"እህ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

ምሰሶውን አለፈ። እግሯ በእጄ ውስጥ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ብርሃኑ ወዲያ ማዶ ላሟ ወደ ታሰረችበት ተሻገረ። አማቴ እጃቸውን አላነሱም። ጎረቤት መጥታ ከደጅ ተጣራች፣ አልመለሱላትም። የበላንም የጠጣንም ነገር የለም። ጥላው ረዝሞ፣ ከብቶቹ ከግጦሽ የሚመለሱበት ሰዓት እስኪደርስ እንደዚያው ተቀመጥን። እኔም ለምኜ የማላውቀውን ሁሉ ለመንኩ።

ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ነጩ ገና ቢጫ ነው። አፏን ወደ ግራ አዞረች፣ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ምንም ስታጣ ጮኸች፤ እንደ ድመት ግልገል ሳይሆን እንደ ሰው፣ ቤቱን ሞልታ። ጡቴን ስሰጣት ከመቼውም ይልቅ ጠምዝዛ ያዘችውና ሳላስበው "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ።

አማቴ ብድግ አሉ። "ምን ሆነች? ያዛት?"

"ነከሰችኝ!"

"በምኗ?"

"በድዷ።"

ተመልሰው መሬቱ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እንባቸው እየወረደ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እኔም ጡቴ እያመመኝ አብሬ ሳቅሁ፤ ልጄ ግን ስንስቅ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም፣ ትጠባ ነበር።